አለቃ ፌንግ ያልበላው ዓሣ

ዮክላን የሾርባ ማንኪያዎቹን አንድ በአንድ የሙቅ ውሃ እንፋሎት ላይ እየያዘች በነጭ ጨርቅ ትወለውል ነበር። ማንኪያ ላይ የጣት አሻራ ከታየ ጋሽ ታም አይቆጣም፤ ያነሳውና ወደ ማጠቢያው ሳፋ ይወረውረዋል። ያ ኳ የሚል ድምፅ ከስድብ ይከፋል። ስለዚህ ጠርዙን ብቻ ይዛ፣ ሆዱን አጥርታ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ትደረድራለች። ሌሎቹ አስተናጋጆች እንዳመጣላቸው ነው የሚደረድሩት። እሷ ግን ጀልባ ላይ የተወለደች ናት፤ ጀልባ ላይ ማንኪያም፣ ሳህንም፣ ጫማም ቢሆን በአፉ አይደፋም።

የግል መመገቢያ ክፍሉ መስኮት ሰፊ ነው። ከሥሩ የማካው ባሕር ከወትሮው የጭቃ መልኩ ወደ እርሳስ ቀለም ዞሯል። ጠዋት ወደቡ ላይ የአውሎ ነፋስ ምልክት ተሰቅሏል። የማጥመድ እገዳው ሲነሳ ከወጡት ጀልባዎች አንዱ የታናሽ ወንድሟ የዋሳን ነው። ሬዲዮ ሰምቶ ፊቱን ወደ ወደብ እንዳዞረ ትገምታለች፤ ስልኩን ግን ስንቴ ብትሞክረው አይጠራም።

«ጨረስሽ?» አለ ታም ሲገባ። የአዳራሹ አለቃ ነው፤ ሲራመድ ጫማው አይሰማም።

«ጨርሻለሁ ጋሽ ታም። የሚመጡት እነማን ናቸው?»

«አለቃ ፌንግና ጓደኛው።»

«ትራስ ተገኘለት?»

ታም ሊስቅ ፈልጎ ተወው። «አራተኛው ነው። የመጀመሪያው ጠነከረብኝ አለ፣ ሁለተኛው ለሰለሰብኝ አለ፣ ሦስተኛው ዝይ ዝይ ይላል አለ።»

«የዝይ ላባ ምን ዝይ ይበል ታዲያ?»

«ቀስ በይ፤ ግድግዳው ጆሮ አለው።»

አለቃ ፌንግ ከሰሜን፣ ከከሰል አገር የመጣ ሰው ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ በተሰጠው መኖሪያ አልጋው ወደ በር ያያል ቢል አዞሩለት፤ የመታጠቢያ ገንዳው አጠረኝ ቢል ግድግዳ አፍርሰው ሌላ አስገቡለት፤ ከመስኮቱ ማዶ የሚታየው የሌላ ሆቴል መብራት ዓይኔን ወጋኝ ቢል ደግሞ ጨርቁ ጥቁር፣ ሽፋኑ ሐር የሆነ መጋረጃ በአንድ ቀን ተሰፍቶ ተሰቀለ። ለመኝታውም ለምግቡም ቤሳ አይከፍልም። እሱና መሰሎቹ ታች በካርታው ጠረጴዛ ላይ ጥለውት የሚሄዱት ገንዘብ ለሁሉም ይበቃል። ስለዚህ የቁማር ቤቱ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንግዳው ቅር ብሎት ሌላ ቤት ሄዶ እንዳይጫወት። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚነገረውም ይኸው ነው። እዚህ ቤት እንግዳ «አይሆንም» የሚል ቃል ሰምቶ አያውቅም።

ዮክላን ይህን ቃል ዋጥ አድርጋ መኖር ከለመደች ቆይታለች። የዋሳን ጀልባ አዲሱ ሞተር የተገዛው በእሷ ደመወዝ ነው። ዘይቱም የሚሞላው በእሱ ነው።

እንግዶቹ ከቀትር በፊት ገቡ። ፌንግ አጭር፣ ጠጉሩን በጥንቃቄ የተቀባ፣ ስልኩን ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። ጓደኛው ሉዎ ወፍራም ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ገና ሳይቀመጥ ይስቃል። ሾርባው መጣ፣ ሄደ። የባሕር ዱባው መጣ፣ ፌንግ በመብያ እንጨቱ ነካ አድርጎ ተወው። የእርግብ ጥብሱን ሉዎ ብቻውን ጨረሰው። ፌንግ እንደ ሰለቸው ሁሉም አይቷል። ታም ደግሞ የሰለቸ እንግዳ ከተቆጣ እንግዳ የባሰ መሆኑን ያውቃል።

ዓሣው ሲገባ ታም ራሱ ክዳኑን አነሳ። ቀይ፣ ባለነጠብጣብ፣ የክንድ ያህል የሚሆን ዓሣ ነው፤ በእንፋሎት በስሎ በዝንጅብልና በሽንኩርት ቅጠል ተሸፍኗል። የሶያው መረቅ ከሥሩ ያበራል። ዮክላን ሁለቱን ማንኪያዎቿን ይዛ ቀረበች፤ የላይኛውን ሥጋ ለሁለት ከፍላ፣ ሳይበጣጠስ አንስታ ለሁለቱም አቀረበች። ከዚያ አጥንቱን ከጅራቱ ጀምራ ልትመዝ ማንኪያዋን ስታስገባ ታም ከኋላዋ ተናገረ።

«አለቃ ፌንግ፣ እጇን ይዩልኝ። ዓሣውን ሳትገለብጠው ነው አጥንቱን የምታወጣው። የጀልባ ልጅ ናት። እነሱ ዘንድ ዓሣ አይገለበጥም፤ ዓሣ የገለበጠ ጀልባ ይገለብጣል ይላሉ። ወንድሟም አሁን ባሕር ላይ ነው።»

«እነሱ ዘንድ» ነው ያለው። ዮክላን ልብ ብላ ሰማችው። የታም አባትና የእሷ አባት ጀልባቸውን ጎን ለጎን ነበር የሚያስሩት። ታም ራሱ እስኪጎረምስ ድረስ የተኛው የጀልባ እንጨት ወለል ላይ ነው።

ፌንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከስልኩ አነሳ። «አሁን? በዚህ አየር?»

«እየተመለሰ ነው ጌታዬ» አለች ዮክላን።

«እና ይህን ዓሣ ብትገለብጪው ይሰምጣል?»

«እንደዚያ ብለን በአፋችን አንጠራውም ጌታዬ። ብቻ አንገለብጠውም።»

ሉዎ ሳቀ። «እኛ አገር ዓሣ እንደ ፍራሽ ነው የሚገለበጠው! አንድም ሰው ሰምጦ አያውቅም።»

«ባሕር የት አለንና ነው የምንሰምጠው?» አለ ፌንግ። «ያለን የከሰል ጉድጓድ ነው። እዚያ የገባ ሰው ዓሣ ባይገለብጥም ይቀራል።» ሁለቱም ሳቁ። ታም በጨዋ ደንብ ጥርሱን ብቻ አሳየ። ፌንግ ወንበሩን ከጠረጴዛው ገፋ አድርጎ ዮክላንን ከእግሯ እስከ ራሷ አያት፤ ካርታ ከመግለጡ በፊት ጀርባውን እንደሚያይ ሰው።

«ሉዎ፣ ትገለብጠዋለች።»

«አትገለብጥም። ፊቷን አታየውም?»

ፌንግ ከኪሱ በገንዘብ የሚመነዘር አንድ የቁማር ጠጠር አውጥቶ ከሶያው ማቅረቢያ ጎን አስቀመጠ። ሉዎም የራሱን ጨመረ። ጠጠሮቹ እርስ በርስ ተነካክተው ጮኹ።

«አንተስ ታም? ቆመህ ልታይ ነው?»

«ሠራተኛ አይወራረድም አለቃ ፌንግ። የቤቱ ሕግ ነው።»

«አይሆንም እያልከኝ ነው?»

ፌንግ ሌላ ጠጠር አወጣና ወረወረለት። «በእኔ ጠጠር ግባ። ካሸነፍክ ያንተ ነው።»

ታም ጠጠሩን በመዳፉ ጨበጠው። ዮክላንን አላያትም። «እንግዲያውስ» አለ፣ «እኔም ትገለብጠዋለች እላለሁ።»

ያኔ ገባት። የሚወራረደውና የሚያዘው አንድ ሰው ሆኗል።

«ጌታዬ» አለች ወደ ፌንግ ዞራ፣ «አጥንቱን ላንሳና የታችኛውን ሥጋ ሳይሰበር ላውጣልዎ። ከተገለበጠው ይልቅ ያምራል።»

«እንዲያምር መቼ ጠየቅሁ?»

«እንዲያው ሌላ አስተናጋጅ ልጥራልዎት። እነሱ ያለችግር ይገለብጡታል።»

«ሌላዋ ባሕር ላይ ወንድም አላት?»

«የላትም ጌታዬ።»

«ታዲያ እሷ ምን ታደርግልኛለች?»

ሉዎ እጁን አወዛወዘ። «በቃ ተዋት ፌንግ። ብታለቅስ ምሳችን ነው የሚበላሸው።»

«አታለቅስም። እዚህ ቤት አይለቀስም፤ አይደል ታም?»

ታም ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። ሲናገር በዚህ አዳራሽ ተጠቅሞበት በማያውቀው በጀልባ ሰዎች አነጋገር ነው። «ላን፣ ዓሣ ነው። የሞተ ዓሣ ነው። እጅሽን አንቀሳቅሺና ገላግይን።»

«እርስዎ ቤትዎ ይገለብጡታል?»

«እኔ ቤት ባሕር የሚወጣ የለም።»

«ባሕር ይወጡ በነበረ ጊዜ ግን አባትዎ…»

«አባቴን ተይው። ያን ሞተር ማን እንደገዛው አስቢ። ከነገ ጀምሮ ዘይቱን በምን እንደምትሞሉ አስቢ።»

በመስኮቱ ማዶ አንዲት ትንሽ የጭነት ጀልባ ማዕበሉን እየቀደደች ወደ ወደቡ ትሄድ ነበር። ዮክላን ጀልባዋ እስክታልፍ ጠበቀች። ለምን እንደጠበቀች አታውቅም። ከዚያ አንዱን ማንኪያ ከዓሣው ጭንቅላት ሥር፣ ሌላውን ከጅራቱ ሥር አስገባች። ከባድ ነበር። ተነሣ፣ ጎኑ ላይ ለቅጽበት ቆመ፣ ወደቀ። ሶያው ከጠርዙ አልፎ ነጩን ጨርቅ አጠቆረው።

ሉዎ ተራገመና ጠጠሩን ገፋለት። ፌንግ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «አላልኩህም? ሁሉም ይገለብጣል። ዋጋውን ማወቅ ብቻ ነው!» ከዚያ ለእሷ፣ «በይ ደውይለትና ጠይቂው። ውሃው ይቀዘቅዛል?»

«ስልኩ አይሠራም ጌታዬ» አለች ዮክላን።

ይህ መልስ ከሁሉም በላይ አሳቃቸው። ሉዎ ዓይኑን በናፕኪን እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ፌንግ ዓሣውን አየት አድርጎ ሳህኑን ገፋው።

«ቀዝቅዟል። አንሡልኝ። ዳክዬውን አምጡ።»

የላይኛውንም ሥጋ ቢሆን አልነካውም ነበር። ዮክላን ዓሣውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ማዕድ ቤት ስትወጣ ታም ጠጠሩን ወደ ደረት ኪሱ ሲያስገባ አየችው። በጣቱ ጫፍ፣ ከላይ መታ መታ አደረገው፤ ቦታው ላይ መሆኑን ለማረጋገጥ።

ወደ አሮጌው ወደብ የሚያሻግረው ድልድይ በነፋሱ ምክንያት ለመኪና ሊዘጋ ሲል የመጨረሻውን አውቶቡስ አገኘች። የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። በአሮጌው ወደብ ጀልባዎቹ ሦስትና አራት እየሆኑ ተጣብቀው ታስረዋል፤ ሰዎቹ ገመድ በገመድ ላይ ይጨምራሉ፣ ይጮኻሉ፣ ይሰዳደባሉ። የጠየቀችው ሁሉ «አላየነውም» ወይም «ከኋላ ነበር» ይላታል። አንዷ ሴትዮ ብቻ የረጠበ የወንድ ካፖርት አልብሳት በዝምታ አጠገቧ ቆመች። ዝምታዋን ዮክላን በክፉ ተረጎመችው።

ዋሳን የገባው ብርሃኑ ሊያልቅ ሲል ነው። ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ዘንበል ብላለች። መረብ የሚሰቀልባቸው ክንዶቿ ባዶ ናቸው። እሱ ግን ቆሟል። ገመድ ወረወረላት፣ ያዘችው፣ አሰረችው፤ ከዚያ ዘላ ገብታ እጅጌውን ይዛ አለቀሰች።

«እት ላን፣ ምን ሆነሻል? አለሁ እኮ!» አለ እየሳቀ። «ልቀቂኝ፣ እንደ ዓሣ ነው የምገማው።»

ሁለቱ መርከበኛ ልጆች ወደየቤታቸው ሲሄዱ፣ ከጀልባዋ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው የሩዝ አጥሚት ጠጡ። ዋሳን እየጠጣ ነገራት፤ ገና ምላሱ አላረፈም። መረቡ የሰመጠ ነገር ይዞ እንደተጎተተ፣ ጀልባዋ በጎኗ ማዕበሉን እንደተቀበለች፣ አንደኛው ጠርዝ ውሃ ሲነካ መጥረቢያ አንስቶ ገመዶቹን እንደቆረጠ። መረቡ በሙሉ ቀረ። አዲሱም፣ አሮጌውም።

«መቼ ነው?» አለች ዮክላን።

«ከቀትር አለፍ ሲል። ምነው?»

ዝም ማለት ትችል ነበር። የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቁትም ይህን ወደብ አይረግጡም። ግን ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ተሸክማው ነበር፤ ወንድሟ ደግሞ በሕይወት ፊቷ ተቀምጦ አጥሚት እየጠጣ ነው። ይስቃል አለች በልቧ። ያንን ፌንግ የሚባለውን ይሰድብልኛል፣ ታምንም ይሰድብልኛል፣ ከዚያ አብረን እንስቃለን። ነገረችው።

ዋሳን ጎድጓዳ ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ ቀስ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ።

«አንቺ ነሽ?» አለ።

«አስገደዱኝ ዋሳን።»

«እጅሽን ያዙት?»

«አልያዙትም። ግን ሥራዬን…»

«እጅሽን ካልያዙት አላስገደዱሽም። ከዚያስ? በሉት?»

«አልበሉትም።»

«ሳይበሉት!» ድምፁ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። «ለተራበ ሰው ብለሽ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። እኔ እዚያ በመጥረቢያ ገመድ እቆርጣለሁ፣ አንቺ እዚህ ለሳቅ!»

«ተርፈሃል እኮ ወንድሜ። እየው፣ ተቀምጠሃል።»

«መረቡስ? መረቡ ከኔ ጋር ተቀምጧል? ለሁለቱ ልጆች፣ ለመርከበኞቼ፣ ነገ ምን ልበላቸው? እህቴ ከሀብታም ጋር ቁማር ስትጫወት ነበር ልበላቸው?»

«እኔ አይደለሁም የተወራረድኩት!»

«አዎ፣ አንቺ ጠጠሩ ነበርሽ።»

ከውጭ ዝናቡ ጣሪያውን እንደ ጠጠር ይደበድበው ጀመር። ዮክላን ሳህኑን ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

«አትንኪው!»

እጇን መለሰች።

«ከነገ ጀምሮ ወደዚች ጀልባ እንዳትመጪ።»

«ሞተሩ የኔ ነው ዋሳን» አለች። ለምን ይህን እንዳለች ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷም አላወቀችም።

«ውሰጂው። ፍቺና ተሸክመሽ ውጪ።» ብርድ ልብሱን አንስቶ ጀርባውን ሰጣት። «ዝናቡ እስኪያባራ ግን ተቀመጪ። በዚህ ውጪ አልልሽም። ብቻ ምንም ነገር እንዳትነኪ።»

እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጀልባዋ ከጎረቤቶቿ ጋር እየተጋጨች ታቃስታለች፤ የዋሳን ትንፋሽ እንደ ተኛ ሰው አልነበረም።

ነፋሱ አልፎ ድልድዩ ሲከፈት በቀጥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። መሄጃ የቀራት እሱ ብቻ ነው። ልብሷ ገና አልደረቀም። በሠራተኞች መግቢያ ታም ይጠብቃት ነበር፤ ከእሱም ጋር ታላላቆቹን ተጫዋቾች የምትንከባከበው ወይዘሮ ኢፕ ቆማለች። ቆንጆ፣ ቀጭን፣ በሁለት ስልክ የምታወራ ሴት ናት።

«አለቃ ፌንግ ትናንት ከምሳ በኋላ ተጫውቶ ባዶ እጁን ተነሣ» አለች ኢፕ ሰላምታ ሳትሰጥ። «ካርታ አልገባለትም። አንድም ጊዜ። ሉዎ ነው ያስታወሰው፤ ጀልባህ ተገልብጣ ነው የተቀመጥከው ብሎ እየሳቀ። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት የዚህ አገር ሰዎች ይህን ሲሰሙ ወንበራቸውን ከእሱ ሸሽ አደረጉ። ሌሊቱን አልተኛም። አልጋውን እንደገና አዙሩልኝ ብሎ አዘዋውረነዋል፤ ፎቁንም ልንቀይርለት ነው። ማን ነው የገለበጠው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘሽ?»

ዮክላን ታምን አየችው። ታም መሬቱን አየ። «እንግዳው ቀልዶ ነበር» አለ። «ቀልድ መሆኑን ትረዳለች ብዬ ነበር።»

«ጋሽ ታም፣ ጠጠር አስይዘው ነበር እኮ።»

«ሠራተኛ አይወራረድም» አለ ታም በለሰለሰ ድምፅ። «ሁሉም ያውቃል ላን።»

ኢፕ ሁለቱንም አየች። እውነቱ የገባት መሰለ፤ ደግሞም እውነቱን የማትፈልገው መሰለ። «እሱ የጠየቀኝ ማን እንዳዘዘ አይደለም። ማን እንደነካው ነው። አሁን ስሚኝ። ዛሬ ምሳ ላይ ዓሣ ተገልብጦ ይቀርብለታል። አንቺ እሱ እያየ ቀና ታደርጊዋለሽ። ያንኑ ዓይነት ዓሣ፣ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ጠረጴዛ። ከዚያ ይጫወታል።»

«ዓሣን ቀና የማድረግ ነገር እኛ ዘንድ የለም እመቤቴ። የተገለበጠ ተገልብጧል።»

«አሁን ይኖራል።»

«ወንድምሽ ወደብ ገብቷል አይደል?» አለ ታም። «ታዲያ ምን ቀረሽ?»

ዮክላን አሰበችበት። ምንም እንዳልቀራት ስታውቅ ጥያቄው ቀላል ሆነላት። «ካደረግሁት ሥራዬ ላይ እቆያለሁ?»

«ትቆያለሽ» አለች ኢፕ፤ ቃሉ ሳያልቅ ወደ አንደኛው ስልኳ ዞራ ነበር።

በምሳ ሰዓት ያ ክፍል እንደ ቤተ መቅደስ ጸጥ አለ። የጠረጴዛው ጨርቅ፣ ወንበሮቹ፣ ምንጣፉ ሳይቀር ተቀይሯል። ሉዎ እንዲመጣ አልተፈቀደለትም። ፌንግ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ከዓይኑ ሥር አብጧል፤ ስልኩ የለም። ዮክላን ያን አቀማመጥ ሌሊቱን ሙሉ ስለተቀመጠችበት አወቀችው። የሚያሳዝን መሆን ነበረበት፤ አላሳዘናትም።

ዓሣው ገባ። ታም ክዳኑን አነሳ። ማዕድ ቤቱ ታዝዞ ሳይወድ በግድ ነው ያዘጋጀው፤ ዝንጅብሉ እንኳ ከሥሩ ተነጥፏል። ማንኪያዎቿን ከጭንቅላቱና ከጅራቱ ሥር አስገባች። ዓሣው ተነሣ፣ ዞረ፣ እንደ ሕፃን አረፈ። ከሶያው አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰችም።

ፌንግ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ መብያ እንጨቱን አንስቶ መብላት ጀመረ። በልቶ፣ የላይኛውን ጨርሶ፣ አጥንቱን እሷ ስታነሳለት የታችኛውን ደግሞ በላ። የዓሣውን ጉንጭ ሳይቀር መጠጠው። አፉን ሲጠርግ ፊቱ ቀለም አግኝቶ ነበር።

«እጇ ጥሩ ነው» አለ ለታም።

«እናመሰግናለን አለቃ ፌንግ።»

«ካሁን በኋላ ግን እዚህ ቤት ፊቷን እንዳላይ። ወንድሟ ባሕር ላይ እያለ የገለበጠች ለኔ ምን ትራራለች?»

ዮክላን ታምን አየችው። በር አጠገብ የቆመችውን ኢፕንም አየች። እዚህ ቤት የማይባለውን ያን አንድ ቃል ከሁለቱ አንዳቸው እንዲሉት ጠበቀች።

«እንደ ፈቃድዎ» አለ ታም።

የልብስ ቤቱ ከምድር በታች፣ ከማጠቢያ ማሽኖቹ ጎን ነው። ባንኮኒው ላይ የተቀመጡት እማማ ቾይ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፍተው የሥራ ልብሷን ዘረጉት፣ እጅጌውን አዩ፣ ኮሌታውን አዩ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ጨው ጨው ይላል። ባሕር ገብተሽ ነበር?»

«ዝናብ ነው እማማ።»

«ዝናብ ጨው የለውም። ለማንኛውም ይታጠባል።» ጣታቸው ደረቱ ላይ ቆመ። «አንድ ቁልፍ ጎድሏል። ሳይሟላ አልቀበልም፤ ካልተቀበልኩሽ ደግሞ ደመወዝሽን አይሰጡሽም።»

«የት እንደወደቀ አላውቅም።»

«እኔ ነኝ የማውቀው?» ከመሳቢያው መርፌ፣ ክርና አንድ ጥቁር ቁልፍ አውጥተው ገፉላት። ልባቸው ደግ ነው፤ አፋቸው ብቻ አያርፍም። «ታም ለሁለቱም አዳራሾች አለቃ ሊሆን ነው፣ ሰምተሻል? ሰሜነኛው ቁማርተኛ ራሱ ነው አሉ ስሙን ያነሳለት። ማለፊያ ሰው ነው፤ የመጣበትን አይረሳም። ላንቺም እኮ ዘመድሽ ነው፤ ብትጠይቂው ሌላ ቤት ያስገባሽ ነበር።»

ዮክላን ክሩን በመርፌው ዓይን አስገባች። ወንበር ስላልነበረ ቆማ ሰፋችው። መርፌውን ከሥር ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ሥር እያመላለሰች አጠበቀችው፤ ቁልፉ እንዳይላላ ክሩን ከሥሩ ጠመጠመችበት፣ ቋጠረችው። ጎተት አድርጋ አየችው። አልነቃነቅም አለ። ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ መርፌውን እማማ ቾይ ስፖንጅ ላይ ሰካች፣ ልብሱን እጅጌ በእጅጌ አጥፋ ባንኮኒው ላይ አኖረችው።